ሦስት መቶ ጋሻ መናፈሻና የመጥረጊያው ሒሳብ

በ1811 ሦስት ሹማምንት የማንሃታንን ደሴት ካርታ ዘርግተው ማስመሪያ አሳረፉበት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከደቡብ ወደ ሰሜን 12 አውራ ጎዳናዎች፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 155 መንገዶች ተሰመሩ። ኮረብታ ይሁን ረግረግ፣ ምንጭ ይሁን አለት፣ መስመሩ አልዞረላቸውም። ለመናፈሻ ብዙ ቦታ ያልተዉበትን ምክንያትም በጽሑፍ አስቀምጠዋል፤ ደሴቲቱ በሰፋፊ የባሕር ክንዶች የታቀፈች ስለሆነች ንጹሕ አየር አይቸግራትም፣ መሬቱ ደግሞ ውድ ነው አሉ። ለሠራዊት መሰልፊያ የከለሉት ወደ 97 ሄክታር የሚጠጋ ሜዳ እንኳ ከዓመት ዓመት እየተሸራረፈ ሄዶ፣ ዛሬ ማዲሰን አደባባይ የሚባለው ከሦስት ሄክታር ያነሰ ቦታ ብቻ ተረፈ። ንጹሕ አየር ያመጣል የተባለው የውኃ ዳርም ብዙ ሳይቆይ የመርከብ ማራገፊያና የመጋዘን ሰፈር ሆነ።

ያኔ የኒው ዮርክ ሕዝብ 100,000 አይሞላም ነበር። በ1850 ከግማሽ ሚሊዮን አለፈ። አየር መቀበል ያማረው ሰው ጀልባ ተሳፍሮ ወደ ብሩክሊን ይሻገርና በ1838 በተመሠረተው የግሪንውድ መቃብር ሥፍራ ይንሸራሸር ነበር፤ ዛፍ፣ ኮረብታና ኩሬ ያለው እዚያ ነዋ። ምሳውን ቋጥሮ የሚሄድም ብዙ ነበር። እኛ አገር ቢሆን ጉድ የሚያሰኝ ነገር ነው።

በ1844 ገጣሚውና የኢቪኒንግ ፖስት አዘጋጁ ዊሊያም ከለን ብራያንት ከተማዋ ሳይረፍድባት ሰፊ መናፈሻ እንድትከልል በጋዜጣው ጻፈ። ባለሀብቶቹም ሐሳቡን ደገፉት። ለንደንና ፓሪስ ደርሰው የመጡ ነጋዴዎች ባለፈረስ ሠረገላቸውን የሚያንሸራሽሩበት፣ እነርሱም የሚታዩበት ቦታ ፈልገው ነበር። ሐምሌ 21 ቀን 1853 የግዛቲቱ ምክር ቤት ከተማዋ በደሴቲቱ መሐል ያለውን ሰፊ መሬት ካሳ ከፍላ እንድትወስድ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። የሴንትራል ፓርክ ታሪክ እዚህ ላይ ይጀምራል።

መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። ወደ 1,600 የሚጠጉ ሰዎች ይኖሩበት ነበር። በዚያም ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል መንደር ነበረ፤ በ82ኛውና በ89ኛው መንገድ መካከል፣ ወደ ምዕራብ ጠጋ ብሎ። በ1825 አንድሩ ዊሊያምስ የተባለ ጥቁር ወጣት ሦስት ቦታ በ125 ዶላር ገዛ። ጫማ በማሳመር የሚተዳደር ሰው ነበር። የአፍሪካ ሜቶዲስት ጽዮን ቤተ ክርስቲያንም ወዲያው አጠገቡ ቦታ ገዛች፤ ሌሎችም ተከተሉ። በዚያ ዘመን በኒው ዮርክ አንድ ጥቁር ወንድ ድምፅ ለመስጠት 250 ዶላር የሚያወጣ ንብረት እንዲኖረው ይጠየቅ ነበር። ነጩ ይህ ግዴታ አልነበረበትም። ስለዚህ እዚያ ላይ ቦታ መግዛት ቤት ከማግኘትም በላይ ድምፅ ማግኘት ነበር። በ1855 መንደሩ 225 ያህል ነዋሪ፣ ሦስት ቤተ ክርስቲያንና አንድ ትምህርት ቤት ነበረው። ሁለት ሦስተኛው ጥቁር፣ የቀረው ባብዛኛው አየርላንዳዊ ነበር፤ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር።

የመናፈሻው ደጋፊ የሆኑ ጋዜጦች ግን ነዋሪውን ወራሪና ዘላን፣ ቤቱንም ዳስ አድርገው ጻፉበት። በ1857 ሁሉም የልማት ተነሺ ሆነ። ባለይዞታዎቹ ካሳ ተከፈላቸው፤ አነሰን ብለው የተከራከሩም ነበሩ። ተከራዩ ያው እንደ ተከራይ ሄደ። የት እንደተበተኑ ለማወቅ እስከ ዛሬ የሚደክሙ ተመራማሪዎች አሉ። በ2011 የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ሣሩን ገልጠው ሲቆፍሩ የብረት የሻይ ማንቆርቆሪያና የሕፃን ጫማ አገኙ። ዳስ ተብሎ የተጻፈበት ቤት ሻይ የሚፈላበት፣ ልጅ ጫማ ተደርጎለት የሚያድግበት ቤት እንደነበር የሚመሰክር ዕቃ ነው።

በዚያው በ1857 የገንዘብ ቀውስ መጣ። ባንኮች ተዘጉ፣ ሥራ ፈቱ በየአደባባዩ ዳቦ እያለ ጮኸ። የመናፈሻው ሥራ እንጀራ ማግኛ ሆነ። የሠራተኛው አለቃ ሆኖ የተቀጠረው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ የ35 ዓመት ሰው ነበር፤ ግብርና ሞክሮ፣ ጋዜጠኝነት ሠርቶ፣ መጽሔት ላይ ከስሮ የመጣ። ለንድፉ ውድድር ሲወጣ በማግስቱ ዓመት ከካልቨርት ቮክስ ጋር፣ ከእንግሊዝ ከመጣ አርክቴክት ጋር ማለት ነው፣ አብረው አስገቡ። 33 ንድፍ ቀርቦ የነርሱ አሸነፈ። ሽልማቱ 2,000 ዶላር ነበር።

ንድፉን ለማሸነፍ ያበቃውን ነገር ዛሬም በዓይን ማየት ይቻላል። የውድድሩ ደንብ አራት መንገዶች መናፈሻውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲያቋርጡት ያስገድድ ነበር። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች መንገዱን በሣሩ ላይ አሳለፉት። ኦልምስቴድና ቮክስ አለቱን አስፈልፍለው መንገዱን ከመሬት በታች ዝቅ አደረጉት፤ ግድግዳው በድንጋይ ተገነባ፣ ከላዩ ድልድይ ተዘርግቶ አፈርና ተክል ለበሰ። የወተት ጋሪው፣ የእሳት አደጋ መኪናው፣ የዛሬው አውቶቡስም ከእግር በታች ያልፋል፤ ከላይ የሚሄደው ሰው አያየውም። መኪና ባልተፈጠረበት ዘመን ይህን ማሰባቸው ያስገርማል።

የተቀረውም ቢሆን ተፈጥሮ የሚመስል የሰው እጅ ሥራ ነው። ከ20,000 በላይ ሰዎች በተለያየ ጊዜ ሠርተውበታል። አለቱን ለማፍረስ የፈጀው ባሩድ በጌቲስበርግ ጦርነት ከተተኮሰው ይበልጣል ይባላል። ጥሩ አፈር ከውጭ ተጋዘ፣ ረግረጉ በቦይ ተንጣፈፈ፤ ሐይቁ ከከተማው ውኃ በቧንቧ ይሞላል፣ መቆጣጠሪያም አለው። በታኅሣሥ 1858 በረዶ በሠራው ሐይቅ ላይ መንሸራተት ተፈቀደና ሕዝቡ ጎረፈ። ቦታው በኋላ ወደ ሰሜን ሲሰፋ 341 ሄክታር ሆነ፤ በድሮው ልክ ስምንት ጋሻ ተኩል ገደማ።

ለማን ተሠራ ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያዎቹ ደንቦች መልስ ይሰጣሉ። የንግድ ጋሪ መግባት ክልክል ነበር፤ ሠረገላ የሌለው ሥጋ ሻጭ ቤተሰቡን በሥራ ጋሪው ጭኖ እሑድ ልናፈስ ቢል ይመለሳል። ተማሪ ኳስ ሊጫወት ከፈለገ ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ወረቀት ማምጣት ነበረበት። ሣር ላይ መውጣት በአብዛኛው የተከለከለ ነበር። ደሀው ደግሞ ያኔ የሚኖረው በደሴቲቱ ታችኛው ጫፍ ነው፤ የመጓጓዣው ሒሳብ ብቻ የቀን ገቢውን ይነካበታል። ኦልምስቴድ መናፈሻው የሀብታምና የደሀ መገናኛ እንዲሆን ከልቡ የሚመኝ ሰው ቢሆንም፣ እንዴት መናፈስ እንዳለባቸው ግን እርሱ ሊያስተምራቸው ይፈልግ ነበር። በ1870 የዊሊያም ትዊድ ቡድን የከተማዋን አስተዳደር ሲይዝ መናፈሻውም የሹመት መክፈያ ሆነ። ኦልምስቴድ ሲወጣ ሲገባ ቆይቶ በ1878 ለመጨረሻ ጊዜ ተሰናበተ። ከዚያ በፊት ከቮክስ ጋር ሆኖ ያኔ ራሷን ችላ ከተማ ለነበረችው ለብሩክሊን 213 ሄክታር የሚሆነውን ፕሮስፔክት ፓርክ ሠርቶላት ነበር፤ ይህኛው ከሴንትራል ፓርክ ይሻላል የሚል ብዙ ሰው አለ፣ እኔም ከነርሱ አንዱ ነኝ።

የሴንትራል ፓርክ መሬት ብቻውን ከአምስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ስላስወጣ አንድ ትምህርት ተገኘ፤ መሬት ከተማው ሳይደርስበት ይገዛል። ጆን ሙላሊ የተባለ ጋዜጠኛ በ1881 ማኅበር አቋቁሞ ይህን ጉዳይ ይዞ ተነሣ። በ1884 ሕጉ ወጣ፤ በ1888 ዛሬ ብሮንክስ በሚባለው፣ ያኔ እርሻና ጫካ በነበረው አካባቢ 1,600 ሄክታር ገደማ ተገዛ። ፔልሃም ቤይ ብቻውን 1,100 ሄክታር ያልፋል፤ የሴንትራል ፓርክ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ቫን ኮርትላንድም 460 ሄክታር አለው። ከአገሩ ውጭ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ፊልም ብዙ አይሠራባቸውም።

እዚያ ጫካ ሲገዛ በታችኛው ምሥራቅ ማንሃታን ልጆች በጋሪ መሐል ይጫወቱ ነበር። ጋዜጠኛው ጄኮብ ሪስ የዚያን ሰፈር ጨለማ ቤቶች ፎቶ አንስቶ ለአገሩ ሁሉ አሳየ፤ መልበሪ ቤንድ የተባለው ክፉ መንደር ፈርሶ በ1897 መናፈሻ ሆነ። በምረቃው ቀን ብዙ ሹም ሲናገር ሪስን የጋበዘው አልነበረም። በ1903 ደግሞ አጠገቡ ሲዋርድ ፓርክ ተከፈተ፤ በአሜሪካ ከተሞች በማዘጋጃ ቤት የተሠራ የመጀመሪያው ቋሚ የልጆች መጫወቻ ነው። ዥዋዥዌ ነበረው፣ የስፖርት መሣሪያ ነበረው፣ ቤቱ ውስጥ መታጠቢያ ነበረው፤ ልጅ ለሚጠብቁ እናቶች በረንዳው ላይ የሚወዛወዙ ወንበሮች ተደርድረው ነበር። ይህንን ያመጡት እንደ ሊሊያን ዋልድና ቻርልስ ስቶቨር ያሉ በሰፈሩ የሚሠሩ የበጎ አድራጎት ሰዎች ናቸው። ከሴንትራል ፓርክ ሐሳብ በጣም የራቀ ነገር ነው። እዚያ ዛፉን እያየህ በዝግታ ትሄዳለህ፤ እዚህ ትሮጣለህ፣ ትወድቃለህ፣ ትታጠባለህ። የከተማው የመናፈሻ መሥሪያ ቤት ከዚህ በኋላ ሁለቱንም መሸከም ግዴታው ሆነ፤ ሣር የሚያጭድና ልጅ የሚያሠለጥን ሰው ከአንድ ካዝና ደመወዝ ይጠብቃሉ።

በ1898 አምስቱ ክፍለ ከተሞች ተዋሕደው አንድ ኒው ዮርክ ሲሆኑ የመናፈሻ አስተዳደሩ ግን ተከፋፍሎ ቀጠለ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ኮሚሽነር፣ የራሱ ዘመድ ቀጠራ ነበረው። እንዲህ እንዳለ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ።

በጥር 1934 አዲሱ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላ ጓርዲያ አምስቱንም ጠቅልለው ለሮበርት ሞዝስ ሰጡት። ሞዝስ ለዚህ ሥራ የመጣው ባዶ እጁን አልነበረም፤ ንድፍ የሚያወጡ መሐንዲሶች፣ በደንብ የተጠና ዕቅድና የፌዴራል መንግሥት ለሥራ አጥ የመደበውን ገንዘብ የመሳብ ጥበብ ይዞ ነው። በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሥራ አጦች በዚያ ክረምት፣ በዚያ ቁር ተሠማሩ። በሴንትራል ፓርክ የአራዊት ማቆያ ሌሊቱን በትልልቅ መብራት ተሠርቶ በዓመቱ መጨረሻ ተመረቀ። አግዳሚው ሁሉ ተቀባ፤ የፈረሰው አጥር ቆመ። በሺፕ ሜዶው፣ በበጎች መስክ ማለት ነው፣ እውነተኛ በጎች ይግጡ ነበር፤ ሞዝስ ወደ ብሩክሊን አሰደዳቸውና በረታቸውን ምግብ ቤት አደረገው። ታቨርን ኦን ዘ ግሪን የሚባለው ያ ነው።

በጣም የምደነቀው ግን በገንዳዎቹ ነው። በ1936 በጋ በአንድ ወቅት 11 ግዙፍ የመዋኛ ገንዳዎች ተከፈቱ፤ በሳምንት አንድ ያህል ማለት ነው። እያንዳንዱ ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ ባንድ ላይ 49,000 ሰው ይይዙ ነበር። ጊዜው ደግሞ ገጠመላቸው፤ ሐምሌ 9 ቀን የሴንትራል ፓርክ ሙቀት 41 ዲግሪ ደረሰ፣ እስከ ዛሬ ያልተሰበረ ክብረ ወሰን ነው። በኩዊንስ የሚገኘው ትልቁ፣ የአስቶሪያው ገንዳ፣ በተከፈተ ሰሞን ለበርሊን ኦሊምፒክ የሚሄዱ ዋናተኞች ተመረጡበት። ከውኃው ሥር መብራት ነበር። ልብስ መቀየሪያው አዳራሽ ክረምት ሲገባ የስፖርት ማዘውተሪያ እንዲሆን ተደርጎ ተሠራ፤ በዓመት ሦስት ወር ብቻ የሚያገለግል ሕንፃ ማቆም ለሞዝስ ብክነት ነበር። ለደሀ ሰፈር ልጅ ይህን ያህል ክብር ያለው ሕንፃ የሠራ ከተማ በዚያን ዘመን ብዙ አልነበረም።

ነገር ግን ሞዝስ ለማን እንደሚሠራ ይመርጥ ነበር። ሮበርት ካሮ በ1974 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ ሞዝስ በ1930ዎቹ ከሠራቸው 255 መጫወቻዎች በሃርለም ያረፈው አንድ ብቻ መሆኑን ጽፏል። በአጠቃላይ እስከ 1960 በሥልጣን ሲቆይ የከተማዋ የመናፈሻ መሬት እጥፍ ሆነ፤ ከ600 በላይ መጫወቻዎች ተጨመሩ። ግንባታው በአብዛኛው በዋሽንግተን ገንዘብ ነበር። ገንዳው ከተከፈተ በኋላ ውኃውን የሚያጣራው፣ በሩን የሚከፍተው፣ ዋናተኛውን የሚጠብቀው ሰው ደመወዝ ግን ከከተማዋ ኪስ ነው የሚወጣው። ሞዝስ ያወረሰው ሀብትም ሸክምም ነበር።

እርሱ ራሱ ወደ መጨረሻው ላይ በዚሁ ሒሳብ ተያዘ። በ1956 የታቨርን ኦን ዘ ግሪንን የመኪና ማቆሚያ ለማስፋት ቡልዶዘር ሲልክ የሰፈሩ እናቶች የሕፃን ጋሪያቸውን ገፍተው ፊቱ ቆሙ፤ ሌሊት አጥር አጥሮ ዛፍ ቢያስቆርጥም ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ ጉድ ሆነ፣ ማቆሚያው ቀረ። በ1959 ደግሞ የቲያትር አዘጋጁ ጆሴፍ ፓፕ በመናፈሻው ሼክስፒርን በነፃ ሲያሳይ፣ ሞዝስ ሣሩ ስለሚረገጥብኝ ተመልካቹ ይክፈልና ይታደስበት አለ። ፓፕ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ረታው። ተንኮል ቢኖርበትም የሞዝስ ጥያቄ ሞኝ ጥያቄ አልነበረም።

በ1966 የተሾመው ወጣቱ ኮሚሽነር ቶማስ ሆቪንግ ደንቡን ሁሉ ገለበጠው። ሴንትራል ፓርክን በእረፍት ቀናት ለመኪና ዘጋው፤ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ካይት ማብረር ሆነ። በ1970 በዚያው መናፈሻ ውስጥ አንድ የማራቶን ሩጫ ተደረገ። 127 ሰዎች ጀመሩ፣ 55 ጨረሱ። በ1976 ሩጫው ወደ አምስቱም ክፍለ ከተሞች ወጣ፤ መጨረሻው ግን እዚያው ሴንትራል ፓርክ፣ በድሮው የበጎች በረት አጠገብ ነው። እኛ ይህን መናፈሻ በቴሌቪዥን የለመድነው በዚህ በኩል ነው፤ ተስፋዬ ጅፋር በ2001፣ ደራርቱ ቱሉ በ2009፣ ታምራት ቶላ በ2023 የውድድሩ ክብረ ወሰን በሆነ 2:04:58 ሪባኑን የቀደዱት እዚያ ላይ ነው። ብሮንክስን መኖሪያዋ ያደረገችው ቡዙነሽ ደባ ደግሞ ፊልም ብዙ በማይሠራበት በቫን ኮርትላንድ እየተለማመደች በ2011 ከፍሬሕይወት ዳዶ ቀጥላ ሁለተኛ ወጥታለች።

ሩጫው ሲያድግ መናፈሻው ይሞት ነበር። በ1975 ኒው ዮርክ ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ልትከስር ጫፍ ደረሰች። ፖሊስና እሳት አደጋ ሲቀነስ ማን ለአትክልተኛ ይቆማል? ሠራተኛው ተሰናበተ፣ የቀረውም ሲያረጅ ምትክ አልተቀጠረም። ሺፕ ሜዶው አንድ ሣር የማይታይበት ደረቅ አፈር ሆነ፤ ነፋስ ሲነሣ አቧራው ይቦናል። ትልቁ መስክም እንደዚያው። የቤልቬዴር ግንብ በቀለም ጽሑፍ ተሸፈነ፣ መስኮቱ ተሰበረ። መብራት ፖሉ ቆሞ አምፖሉ የለም። ሰው ማታ ቀርቶ ከሰዓት በኋላም መግባት ፈራ። ይህ የሆነው በዓለም ላይ ከከበሩት ቤቶች ፊት ለፊት ባለው መናፈሻ ነው፤ በደቡብ ብሮንክስ ያለው ምን እንደሚመስል መገመት አይከብድም።

ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ሰዎች አካፋ አነሡ። በ1973 ሊዝ ክሪስቲ የተባለች ሠዓሊ ከጓደኞቿ ጋር በማንሃታን ደቡብ ቆሻሻ የተከመረበትን ባዶ ቦታ ጠርገው አትክልት ተከሉበት። ማዘጋጃ ቤቱ በማግስቱ ዓመት በወር አንድ ዶላር አከራያቸው። ቡቃያው በየሰፈሩ ተዛመተ፤ በተቃጠሉና በፈረሱ ቤቶች ቦታ ላይ ቲማቲምና ጎመን በቀለ፣ ብዙዎቹ አልሚዎች ከፖርቶ ሪኮና ከደቡብ ግዛቶች የመጡ ነበሩ።

በሴንትራል ፓርክ በኩል ደግሞ በ1979 ኤልሳቤጥ ባርሎው ሮጀርስ አስተዳዳሪ ተባሉ፤ በ1980 ከባለሀብቶች ገንዘብ የሚሰበስብ የሴንትራል ፓርክ ኮንሰርቫንሲ ተመሠረተ። ሺፕ ሜዶው በዚያው ዓመት በአዲስ ሣር ለበሰ። ገንዘቡ ብቻውን ግን ነገሩን አያብራራም። ከዓመታት በኋላ ያመጡት አሠራር ከገንዘቡ እኩል ሠርቷል። ቀድሞ አንድ የሠራተኛ ቡድን በመኪና ተጭኖ ይመጣል፣ ያጭዳል፣ ይሄዳል፤ ቢበላሽ ማን እንዳበላሸው አይታወቅም። ኮንሰርቫንሲው መናፈሻውን በ49 ቀጣና ከፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ አትክልተኛ ኃላፊ አደረገ። ቀጣናው ላይ የተጣለው ወረቀት የእርሱ ነው፣ የደረቀው ቁጥቋጦም የእርሱ ነው፤ አዘውትሮ የሚመጣው ሰው በስሙ ይጠራዋል።

እንዲህ እያለ የሴንትራል ፓርክ የሥራ ማስኬጃ አብዛኛው ከለጋሾች የሚመጣ ሆነ። ብራያንት ፓርክ የአደንዛዥ ዕፅ ገበያ ከሆነ በኋላ ተዘግቶ በ1992 ተከፈተ፤ እያደርም ከከተማዋ ካዝና ወጥቶ ራሱን የሚያስተዳድር ሆነ፤ ሰው እንደፈለገ የሚያንቀሳቅሳቸው ወንበሮች ተሰጡት። ሀብታም ጎረቤት የሌላቸው መናፈሻዎች ግን በዚያ አሥር ዓመት የተጠረጉት የማኅበራዊ ድጎማ ለማግኘት መሥራት ግዴታ በሆነባቸው ደሀዎች እጅ ነበር። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው ቅጠል የሚሰበስቡ እናቶች የ1990ዎቹ የኒው ዮርክ መናፈሻ መልክ ናቸው። በ1999 ከንቲባው ሩዶልፍ ጁሊያኒ ከመቶ በላይ የማኅበረሰብ አትክልት ቦታዎችን በጨረታ ለመሸጥ ተነሡ። ግርግሩ ትልቅ ነበር፤ በጨረታው ዋዜማ ዘፋኟ ቤት ሚድለር ያቋቋመችው ድርጅትና አንድ የመሬት ጥበቃ ማኅበር ተጋግዘው 114ቱን ገዙ።

የከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ዘመን የግንባታ ዘመን ነው። በ2007 የከተማዋ ነዋሪ ሁሉ ከቤቱ በአሥር ደቂቃ እግር መንገድ መናፈሻ እንዲያገኝ ግብ ተቀመጠ፤ የትምህርት ቤት ግቢዎች ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለሰፈሩ ልጅ መከፈት ጀመሩ፣ አንድ ሚሊዮን ዛፍ የመትከል ዘመቻ ተጀምሮ በ2015 ተጠናቀቀ። በ2009 ሥራ ያቆመ የባቡር ሐዲድ ላይ ሃይ ላይን ተከፈተ፤ ወዲያው የአካባቢው ኪራይ ጣሪያ ነካ። በስታተን አይላንድ ደግሞ ከ1948 እስከ 2001 የከተማዋ ቆሻሻ የተደፋበት ፍሬሽ ኪልስ 890 ሄክታር መናፈሻ እንዲሆን ተወሰነ። ቆሻሻው በፕላስቲክና በአፈር ተሸፍኖ፣ የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ እየተሰበሰበ፣ ሣር ለብሶ ወፍ ተመልሶበታል። የሰሜኑ ክፍል የመጀመሪያ ቁራጭ ለሕዝብ የተከፈተው በ2023 ነው።

በ2012 አንድ የአክሲዮን ባለሀብት ለሴንትራል ፓርክ 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት አንድ የግዛቲቱ ሴናተር ሀብታም የመናፈሻ ድርጅቶች ከገቢያቸው 20 በመቶውን ለደሀ መናፈሻዎች ያካፍሉ የሚል ረቂቅ ሕግ አቀረበ፤ አላለፈም። በ2014 የከንቲባ ቢል ዴ ብላሲዮ አስተዳደር መዝገቡን ሲያገላብጥ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ለማደሻ 250,000 ዶላር እንኳ ያልወጣባቸው 215 መናፈሻዎች አገኘ። የአንድ መናፈሻ መጸዳጃ ቤት መገንባት ሚሊዮኖች በሚጠይቅበት ከተማ 250,000 ምንም ማለት አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ 35ቱ 130 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ።

ዛሬ የመናፈሻ መሥሪያ ቤቱ በእጁ ያለው ወደ 12,000 ሄክታር ይደርሳል፣ ሦስት መቶ ጋሻ። የከተማዋ መሬት 14 በመቶ ነው። ወደ 1,000 የሚጠጉ መጫወቻዎች፣ 22 ኪሎ ሜትር ተኩል የባሕር ዳርቻ፣ ከ600,000 በላይ የመንገድ ዳር ዛፎች አሉት፤ በ2015 ዛፎቹ አንድ በአንድ ሲቆጠሩ 666,134 ሆነዋል። ይህን ሁሉ የሚያስተዳድርበት ገንዘብ ከከተማዋ በጀት አንድ በመቶ አይሞላም።

የኒው ዮርክ የበጀት ዓመት እንደኛው በሐምሌ ይጀምራል። በጸደይ ከንቲባው ረቂቁን ያወጣል፣ የመናፈሻው ይቀነሳል፤ ተሟጋቾች በማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ ይሰለፋሉ፤ በሰኔ መጨረሻ ምክር ቤቱ የተቀነሰውን በከፊል ይመልሳል፣ ለአንድ ዓመት ብቻ። በ2019 ተሟጋቾቹ ቀንቷቸው 43 ሚሊዮን ዶላር ተጨመረ፤ አትክልተኞችና የመናፈሻ ዘበኞች ተቀጠሩ። በሚቀጥለው ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። በሚያዝያ 2020 በሴንትራል ፓርክ ምሥራቃዊ መስክ ላይ 68 አልጋ ያለው የድንኳን ሆስፒታል ተተከለ፤ ቤት የተዘጋበት ሕዝብ ሁሉ ወደ መናፈሻ ወጣ። በዚያው በጋ የመሥሪያ ቤቱ በጀት 84 ሚሊዮን ዶላር ተቀነሰ። የቆሻሻ በርሜሉ በየቦታው ሞልቶ ፈሰሰ፤ የሰፈር ሰው ከረጢት እየያዘ ወጣ። በ2021 ለከንቲባነት ሲወዳደሩ የነበሩት ኤሪክ አዳምስ ለመናፈሻ አንድ በመቶ እሰጣለሁ ብለው ቃል ገቡ፤ ተመርጠው ሥልጣን ያዙ፣ አንድ በመቶው ግን አልመጣም። በኅዳር 2024 ዝናብ ጠፍቶ በፕሮስፔክት ፓርክ ውስጥ ጫካው ሲቃጠል፣ በዚያ ሰሞን የከተማው ክርክር እንደገና ስለ አትክልተኞች ቁጥር ነበር።